የሊዲያን ፀጉር የቆረጥኩት እኔ ነኝ

እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። እሳቸው "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ዓርብ ቀን ረስቼ የጎረስኳትን ሥጋ ሁሉ እዘረግፍላቸዋለሁ፤ ይህችን ግን ምላሴ ሥር ደብቄ "ይኸው ነው አባቴ" እላለሁ። ምን ብዬ ልናዘዝ? የቡና መፈልፈያ ማሽን ፈትቶ የሚገጥም፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት መካኒክ ተንበርክኮ "አባቴ፣ የልጅ ፀጉር ቆረጥኩ" ይላል? ቢስቁስ? እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። ነገሩ የፀጉር ጉዳይ እንዳልሆነ ከመጀመሪያውም አውቀው ነበር። እርስዎ ይህን የሚያነቡት ሰው አያውቁኝም፣ እኔም አላውቅዎትም፤ ስለዚህ አንድም ሳላስቀር ልንገርዎት።

ታደለ እባላለሁ። የምንኖረው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ነው። ባለቤቴ መሠረት አዋላጅ ነርስ ናት። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሊዲያ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ያን ጊዜ ግን ገና መዋዕለ ሕፃናት የምትሄድ፣ ጫማዋን ግራና ቀኝ አሳስታ የምታደርግ ልጅ ነበረች።

ፀጉሯን የወረሰችው ከእናቷ ነው። ዞማ ነው። ሉጫ አይደለም፣ ከርዳዳም አይደለም፤ እጥፍጥፍ እያለ ትከሻዋን አልፎ ይወርዳል። መንገድ ላይ ሰው እያስቆመን "ወይ ፀጉር! ማሻ አላህ!" ይል ነበር። የሚያደንቁት ሰዎች ግን አንድም ቀን አበጥረውት አያውቁም። ዞማ ፀጉር ሲያዩት የዋህ ነው፣ ሲነኩት ግን ነገረኛ ነው። የጅማ ካፊያ ሲነካው ይነፋል፣ ትራስ ሲያሸው ይያያዛል፣ ደርቆ ማበጠሪያ ሲያይ ደግሞ እርስ በርሱ ተቃቅፎ አልላቀቅም ይላል። መሠረት ዘዴውን ታውቅበታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሊዲያን በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ እየዘፈነችላት፣ አጥባ፣ አፍታታ፣ ጎንጉና ትለቃታለች። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሬዲዮ እሰማ ነበር። አንድም ቀን እጇን አላየሁም።

ከአጥሩ ማዶ ዘይነባ ትኖር ነበር፤ አሁንም አለች። ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት። ስትስቅ ድምጿ አስፋልት ድረስ ይሰማል። የእሷም ልጅ ሃናን ፀጉሯ እንደ ሊዲያ ዞማ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሴቶች ሲገናኙ ወሬያቸው ከፀጉር ይጀምራል፤ ከዚያ የማይደርስበት የለም። በአጥሩ መሃል መሹለኪያ ነበረች። በረመዳን ሳምቡሳ በእሷ በኩል ይመጣል፣ ለፋሲካ ድፎ ዳቦ በእሷ በኩል ይሄዳል። መሠረት እህት የላትም። ዘይነባ ነበረቻት።

በዚያ ዓመት መሠረት አዲስ አበባ ለስልጠና ተመረጠች። ዙር በዙር የሚሰጥ፣ ሲያልቅ የደረጃ ዕድገት የሚያስገኝ ስልጠና ነው። ደስ አላት፤ አለቀሰችም። ልጇን ትታ መሄዱ ከበዳት። ስትሄድ የሊዲያን ፀጉር ሁለት ጉንጉን ሠርታላት፣ ለእኔ ደግሞ አንዲት ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ።

"ደረቁን እንዳትነካው። ካቃተህ ለዘይነባ ስጣት።"

ዘይነባም "ልጅቷን እኔ ጋር ተዋት፣ ከሃናን ጋር ትዋል" አለችኝ። እምቢ አልኩ። አባቷ አይደለሁም እንዴ? ወቅቱ ጥር ነው፣ ደረቅ ቡና የሚፈለፈልበት፣ ሥራ የሚበዛብኝ ጊዜ። ሊዲያን ይዤ አጋሮ፣ የምሠራበት መፈልፈያ ወረድኩ። ለሠራተኛ የሚሰጥ ክፍል ስላለን እዚያ አደርን።

በነጋታው ጉንጉኑ ተፈታ። የኪሴን ማበጠሪያ፣ ያቺን ጥርሷ ደቃቅ የሆነችውን የወንድ ማበጠሪያ አወጣሁና ከራስ ቅሏ ጀምሬ ወደ ታች ሳብኩ። በደረቁ። ልጅቷ ጮኸች። ፀጉሩ ወደ ጫፉ እየተገፋ ሄዶ እንቁላል የምታክል ቋጠሮ ሆነ። እኔ መካኒክ ነኝ፤ የተያዘ ነገር ሳይ በሐሳቤ የሚመጣው አንድ መድኃኒት ነው፤ ግሪስ። ለራስ ደግሞ ግሪሱ ቅቤ ነው፤ እናቴም አገር ቤት ሳለች ትቀባን አልነበር? ሄጄ ለጋ ቅቤ ገዛሁና አናቷን ሞላሁላት። በራሴም በጣም ተደሰትኩ። ሊዲያም ተደሰተች፤ ቅቤው ግንባሯ ላይ ሲወርድ በምላሷ ትቀበለው ነበር።

ከዚያ ወደ ማሽኔ ሄድኩ። ቅቤ የተቀባች ልጅ ቡና መፈልፈያ ግቢ ውስጥ ተለቃለች፤ ይህን ስሕተት አጋሮ አካባቢ ካልሆነ የትም ልሠራው አልችልም ነበር። ማሽኑ የቡናውን ገለባ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ገለባው ከቤት ክዳን በላይ ይከመራል። ለልጅ ከዚያ የተሻለ መጫወቻ የለም። ወጥታ ትንሸራተታለች፣ ተንከባላ ትወርዳለች፣ እንደገና ትወጣለች። በኋላ ስታገኘኝ ከገለባው ውስጥ ዓይንና ጥርስ ብቻ ነው የሚታየኝ። እየሳቀች "አባ፣ ቡና ሆንኩ!" አለችኝ።

እኔም ሳቅኩ። እርስዎም ቢስቁ አልቀየምም። ሳቄ ያለቀው ላጥባት ስሞክር ነው። በቀዝቃዛ ውኃና በልብስ ሳሙና አጠብኳት፤ ቅቤው ረጋ፣ ገለባውን ያዘ፣ ፀጉሩ ገለባውን አቀፈ። ማበጠሪያዬ ተሰበረች። ማጅራቷ ላይ ጡጫዬን የሚያክል ድፍን ነገር ተፈጠረ። ሊዲያ አልቅሳ አልቅሳ ከሰዓት በኋላ ጆንያ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ያኔ የጆንያ ሲባጎ የምንቆርጥበትን መቀስ አነሳሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። ልጅቷ ተኝታ፣ እኔ ነቅቼ፣ ቆረጥኩት። የቆረጥኩትንም ገለባው ሥር ቀበርኩት።

እስከዚህ ድረስ ሞኝነት ነው። ሞኝነት ደግሞ ይቅር ይባላል። ኃጢአቴ ከዚህ በኋላ ነው።

ጅማ ስንመለስ በቀጥታ ወደ ዘይነባ ሄድኩ። የሊዲያን ማጅራት ስታይ አፏን ይዛ ቆማ ቀረች፤ ከዚያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

"ያ ረቢ! ታዴ፣ በግ ነው እንዴ የሸለትከው?"

ለቀረው ፀጉር ቀኑን ሙሉ ደከመችበት። ለብ ባለ ውኃ ቅቤውን አስለቀቀች፣ ገለባውን በጣቷ አንድ በአንድ ለቀመች። ከዚያ የተቆረጠው እንዳይታይ አድርጋ ሹሩባ ሠራቻት። እኔ ነኝ "ሸፍኚልኝ" ያልኳት። ስትጨርስ "መሲ ስትመጣ ራስህ ትነግራታለህ፣ እሺ?" አለችኝ። እሺ አልኩ።

መሠረት የመጀመሪያውን ዙር ጨርሳ ለጥቂት ቀን መጣች። ቅዳሜ ጠዋት በርጩማው ወጣ፣ ዘፈኑ ተጀመረ፣ ሹሩባው ተፈታ። ዘፈኑ መሃል ላይ ቆመ።

"ታዴ፣ ማን ነው የቆረጣት?"

"እኔ" ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አንዲት ቃል ናት፤ በአንድ ትንፋሽ ትወጣለች። እኔ ግን ምን አልኩ?

"ዘይነባ ናት መሰለኝ። ሹሩባ ስትሠራት አልፈታ ብሏት ይሆናል።"

መሰለኝ! ከውሸቱ ይልቅ ይህች "መሰለኝ" ታሳፍረኛለች። ምኑ ነው የመሰለኝ? መቀሱን የያዘው እጅ የማን ነበር? ውሸታም እንኳ ሆኜ ደፋር ውሸታም መሆን አቃተኝ።

መሠረት በመሹለኪያው አለፈች። ዘይነባ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። እኔ የውኃ ቧንቧ የማጠብቅ መስዬ አጥሩ ሥር አጎነበስኩ።

"ዘይነባ፣ ሳትጠይቂኝ የልጄን ፀጉር?" አለቻት።

ዘይነባ ወዲያው አልመለሰችም። በመሠረት ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። ዓይኔን ሰበርኩ። ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ አንዲት ቃል የምትበቃበት ሰፊ ቦታ ነበረው፣ አልሞላሁትም።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለች ዘይነባ። "አልፈታ አለኝ፣ ቆረጥኩት። ማሎ መሲ፣ አፉ በይኝ።"

"መቁረጥሽስ ይሁን፤ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ሹሩባ ሥር ትደብቂብኛለሽ?"

እንዲህ ብላ ተመለሰች። እኔ ቧንቧውን ማጥበቄን ቀጠልኩ። ምንም ያልላላ ቧንቧ ነበር።

መሠረት ለሁለተኛው ዙር እንደሄደች ዘይነባ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። "አንተ ሰውዬ! ለአንተ ብዬ መሰለህ? ወላሂ ለአንተስ ቢሆን በመጥረጊያ ነበር የማባርርህ። አንተ ልጅ መያዝ እንዳልቻልክ ካወቀች መሲ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች። ለእሷ ብዬ ነው። ስትጨርስ ግን ትነግራታለህ። በሊዲያ ማል!"

ማልኩ። በልጄ ማልኩ።

እንግዲህ ለራሴ "እኔም ለትምህርቷ ብዬ ነው" ስል ስንት ጊዜ ሞክሬ መሰለዎት! ሐሰት ነው። ያን ቅዳሜ ትምህርቷ ትዝም አላለኝ። ፊቷን ነው የፈራሁት። መልካሙ ሐሳብ የዘይነባ ነበር፣ ፍርሃቱ የእኔ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ደግሞ የሕይወቴ ደስታ ነው፤ ለዚህም ነው ኑዛዜዬ የሚያስቸግረኝ። ዘይነባ ልጅቷን ዳግመኛ አልነካም አለች፤ እኔን ግን በአጥሩ ማዶ ቆማ ታስተምረኝ ጀመር። እየጮኸች። "ደረቁን አትንካ ተብለሃል! መጀመሪያ አርጥበው! በጣትህ! ማበጠሪያው ይቆይ! ከጫፉ ጀምር፣ ከጫፉ! ከላይ በእጅህ ጨብጠህ ያዝላት፣ ራሷን ትነቅለዋለህ እንዴ?" መንገደኛው ሁሉ ይሰማል። ቅባቱ ፀጉሩ እርጥብ ሳለ፣ ያውም ጥቂት ጠብታ፤ ማበጠሪያው ጥርሱ ሰፋፊ፤ ፎጣ ማሸት የለም፣ ጨመቅ ጨመቅ ብቻ፤ ሲተኙ ላላ ያለ ጉንጉንና ለስላሳ ሻሽ። ተማርኩ። ቋጠሮ ሲያጋጥመኝ መሳብ ትቼ በሁለት ጣት መለየት ቻልኩ። ማሽን እንኳ የማልታገሠውን እኔን ፀጉር ትዕግሥት አስተማረኝ። ሊዲያ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ የመዋዕለ ሕፃናቱን ወሬ ታወራልኛለች፣ ማን ማንን እንደነከሰ፣ የማን ምሳ እንደተደፋ፤ እኔም ጫፍ ጫፉን እያፍታታሁ እሰማለሁ። ከዚያ በፊት ልጄን እወዳት ነበር፤ ያወቅኳት ግን ያኔ ነው።

መሠረት ስትመለስ የልጇን ፀጉር አይታ ማመን አቃታት። "ማን አስተማረህ?" አለችኝ። "እንዲሁ እየነካካሁ" አልኩ። ይኸው ሌላ ውሸት። በሠፈሩ ታወቅኩ። "የመሲ ባል እኮ ፀጉር ያበጥራል!" ይባል ጀመር። የሥራ ባልደረቦቿ ባሎቻቸውን በእኔ ሰደቡ። መሠረት በኩራት ታወራለች፣ እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ ፈገግ እላለሁ፤ ትሑት ነው ተባልኩ። ስሟን ያጠፋሁባት ሴት በሰጠችኝ ሙያ ተመሰገንኩ።

ስልጠናው አለቀ። በምረቃው ድግስ ዘይነባ ከአጥሩ ማዶ አየችኝ። በዓይኔ "ነገ" አልኳት። ነገም መጣ፤ ለመሠረት አልነገርኳትም። ከፋሲካ በኋላ አልኩ። ዝናቡ ካባራ በኋላ አልኩ። መሹለኪያውን ማንም አልዘጋውም፤ በክረምቱ አረም በቀለበት፣ ማንም አላጨደውም። ሁለቱ ሴቶች "እንዴት አደርሽ?" "አልሃምዱሊላህ" የሚባባሉ ጎረቤቶች ሆኑ። ለቅሶ ይደራረሳሉ። አብረው ግን አይቀመጡም። ዘይነባም እኔን መጥራት ተወች። አንድም ቀን አላጋለጠችኝም። ምን ነበረበት ብታጋልጠኝ? ቢያንስ የምኮንነው ሌላ ሰው አገኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ዘይነባ ራሷ መጥታ የሃናንን ሠርግ ነገረችን። መሠረት በር ላይ ቆማ "እንኳን ደስ አለሽ፣ እንመጣለን" አለቻት። ግቢ አላለቻትም። ዘይነባ ከሄደች በኋላ መሠረት እዚያው ቆማ ቀረች።

"ሃናንን እኮ ተቀብዬ ለእናቷ ያስታቀፍኳት እኔ ነኝ" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። "አሁን ሠርጓ ላይ እንደ ማንም ሰው በልቼ ልመለስ ነው።"

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ቅዳሜ ጠዋት መሠረት ፀጉሯን ታጠበች። ትከሻዋን ስለሚያማት የእሷንም ማበጠር የእኔ ሥራ ከሆነ ቆይቷል። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ቀኙን አፍታትቼ ጨረስኩ። ግራውን ልጀምር በእጄ ጨብጬ ሳለ ተናገርኩ። ይህንንም ልናዘዝ፤ ሆን ብዬ ነው ያን ሰዓት የመረጥኩት። ፀጉሯ እጄ ውስጥ ስለሆነ ዞር ብላ ልታየኝ አትችልም ብዬ ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላም ፈሪ ነበርኩ።

"መሲ፣ የሊዲያን ፀጉር የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

ቅቤውን፣ ገለባውን፣ መቀሱን፣ "መሰለኝ" ያልኩትን፣ ዘይነባ አሻግራ ያየችኝን፣ በልጄ መማሌን፣ በአጥር የተማርኩትን ሁሉ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ውኃው ከፀጉሯ ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኝ ነበር።

"ፀጉር ያድጋል፣ ታደለ" አለችኝ። ታዴ አላለችኝም። "ፀጉሩማ በዓመቱ አድጓል። አንተ ዘይነባን ነው የወሰድክብኝ።"

ከዚያ "ልቀቀኝ" አለች። ለቀቅኳት። ተነሳች። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች፣ ግማሹ የተበጠረ ግማሹ ያልተነካ እርጥብ ፀጉሯን እንደለቀቀች፣ በነጠላ ጫማ በዋናው በር ወጣች። የሠፈሩ ባጃጅ ቆሞ አሳለፋት። እንዲያ ሆና ደጅ ስትወጣ አይቻት አላውቅም።

ሊዲያ ለእረፍት መጥታ ነበር፤ ከክፍሏ ወጥታ "አባ፣ ምን ሆናችሁ?" አለችኝ። ለእሷም ነገርኳት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ። እጇን ወደ ማጅራቷ ላከች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ፊቷ ተለወጠ። "እኔ እኮ እትዬ ዘይነባን መቀስ ይዛ የምትመጣ እየመሰለኝ ስሸሻት ነው ያደግኩት" አለችኝ። ይህንን አላውቅም ነበር። አንድ ውሸት ስንት ቤት እንደሚገባ የሚያውቅ ማን አለ? እሷም ተነስታ እናቷን ተከተለች።

ብቻዬን አጥሩ ሥር ቆሜ አዳመጥኩ። መጀመሪያ የመሠረት ለቅሶ። ከዚያ "በግ ነው እንዴ የሸለትከው አልኩት እኮ!" የሚል የዘይነባ ድምፅ፣ እሱን ተከትሎ ያ አስፋልት ድረስ የሚሰማው ሳቅ፣ ከሥሩ ደግሞ የመሠረት ሳቅ። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ዘመን አልፏል። ከእኔ ጋር ስትስቅ ኖራለች፤ ያ ሳቅ ግን ሌላ ነበር፣ የጠፋበትን ምክንያት ስፈልግ እኔን እያገኘሁ ስተወው የኖርኩት ሳቅ ነው። ስሜን ደጋግመው ያነሱት ነበር። ባነሱት ቁጥር ይስቃሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ተሰድቤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምሳ ሰዓት አለፈ። ማንም አልጠራኝም፣ ሊጠሩኝም አይገባም ነበር።

መሠረት የተመለሰችው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ዓይኗ አብጧል፣ ፊቷ በርቷል። የሃናንን እንሶስላ አብረው ሊያዘጋጁ ተስማምተዋል፤ ሠርጉ እስኪያልፍ እዚያ እንደምትውል ነገረችኝ። ወሬው በዝቶ ፀጉሩን ያስታወሰው የለም። ቀኙ እንዳፍታታሁት እጥፍጥፍ ብሎ ወርዷል፤ ግራው እንዲሁ ደርቆ ተተብትቧል።

ማበጠሪያውን አንስቼ ውኃ ላመጣ ተነሳሁ። "ነይ፣ ቁጭ በይ" አልኳት።

"አትንካው" አለችኝ። "ነገ ዘይነባ ትፈታዋለች።"

ማበጠሪያውን መልሼ አስቀመጥኩት። ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ በዚያ ምሽት ስለ እኔ የሚወራበት ቦታ አልነበረም። እርስዎንም አልጠይቅዎትም። የበደልኳቸው ሁለት ሴቶች ይህን ስጽፍ ከአጥሩ ማዶ ናቸው፤ ተራዬ ሲደርስ ይጠሩኛል።